አንድ ሜትር ከሰማንያ

በከንፈሬ መሃል ስፒል ደርድሬ ልብስ ሳስለካ ሰው አያናግረኝም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሥራዬ በጣም የምወደው ይሄን ነው። ደንበኛዋ በርጩማው ላይ ቆማ ትዞራለች፣ እኔ እግሯ ሥር ተንበርክኬ ቅምቅማቱን እሰካለሁ፣ ምንም ብትጠይቀኝ «እህም» ከማለት ሌላ አይጠበቅብኝም። ቤታችን ጣራ እስኪያገኝ በነበሩት ወራት ግን ያንን ዕረፍት የማገኘው ከስንት አንዴ ነበር። የቀረውን ጊዜ የሁለት ወንዶች ስልክ ሆኜ አሳለፍኩት። ስልክ እንኳን ባትሪው ሲያልቅ ያርፋል።

አንደኛው ባሌ ነው። አናጺ ነው፤ እጁ የነካው እንጨት አይወላገድም፣ አፉ የነካው ነገር ግን ሁሉ ይወላገዳል። ሁለተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። የቤት ንድፍ ያወጣል፤ የሚያሰምረው መስመር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ኩርፊያው ግን የመርከብ ገመድ ያህል ይወፍራል። ባሌ ወንድሜን «ያ ሊቅ ወንድምሽ» ይለዋል። ወንድሜ ባሌን «ያ ጌታ ባልሽ» ይለዋል። ሁለቱም ነገራቸውን የሚቋጩት በእኔ ነው፤ ወንድምሽ፣ ባልሽ፣ ጥፋቱ ሁሉ መጀመሪያውኑ የእኔ ይመስል።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀጥ ብዬ የምቆምበት የስፌት ክፍል። ያኔ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ የስፌት መኪናዬ ያለው ከመግቢያው በር ወደ ኩሽና በሚወስደው መተላለፊያ ላይ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ወንበሬን ይገጫል። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲገቡ ጨርቁ ላይ ይረማመዳሉ፤ ባሌ ሲገባ የመጋዝ ብናኙን ያራግፍበታል። አንድ ጊዜ ለሙሽራ በሰፋሁት ነጭ ቀሚስ ላይ የጫማ ዱካ አግኝቼ፣ የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ የሁሉንም ጫማ ሰብስቤ ደጅ ወርውሬዋለሁ። የደንበኛዋን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም።

ስለዚህ ቤት ለመሥራት ስንነሳ ወንድሜን፣ ከሁሉ በፊት የእኔን ክፍል አስብልኝ አልኩት። መሬታችን ጠባብ ናት፤ ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ ምድሩን ጨርሰውታል፣ የቀረው ወደ ላይ ነው። ወንድሜ አሰበ አሰበና የጎበጠ ጣራ ይዞልኝ መጣ። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጣራ መሃሉ ላይ ብቻ ነው የሚያስቆመው፣ ጎኑ ወዲያው ጉልበት ጋ ይደርሳል፤ የጎበጠ ጣራ ግን ትከሻ አለው አለኝ። ትከሻ ሲለኝ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። እጅጌ ስገጥም ትከሻው ላይ ጨርቁን ካላጎበጥኩት ሰውየው እጁን እንደማያነሳ አውቃለሁና። በንድፉ ላይ ከጣራው ሥር አንድ ሰፊ ቆጥ ስሎ፣ መሃሉ ላይ «የእህቴ ክፍል» ብሎ ጽፎበታል። ምን እደብቃለሁ፣ እሱን ሳይ አለቀስኩ።

ባሌም ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሠራል» አለ። ከእሱ አፍ «ይሠራል» ከወጣ ሌላው ሰው ዘፈን እንደዘፈነ ነው። ጣራውን የሚሸከሙት ቅስቶች ከአንድ ወፍራም እንጨት አይወጡም። ቀጫጭን ጣውላ በጣውላ ላይ ይደረባል፣ በሙጫ ይጣበቃል፣ ፎርማ በሚሉት ማጉበጫ ላይ ተጠርንፎ ይደርቃል፤ ሲፈታ ጉብጠቱን ይዞ ይቀራል። ባሌ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ስለ እሱ ሲያወራ ግን እንደ ጎረምሳ ያደርገው ነበር። ከዚህ የተሻለ ጅማሬ አይኖርም ብዬ ተመስገን አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ምስጋናዬንም ለቅሜ መመለስ ነበረብኝ።

የተጣሉት በእርሳስ ነው። ግድግዳው ከግማሽ በላይ ሲደርስ አንድ ቀን ጠዋት ወንድሜ ሥራውን ሊያይ መጣ። ባሌ ለግንበኞቹ፣ የቆጡ ወለል የሚያርፍባቸው አግዳሚዎች የት እንደሚገቡ እያሳያቸው ነበር። ወንድሜ እጁን ዘረጋና ከባሌ ጆሮ ላይ እርሳሱን መዘዘ። ይቅርታ የለ፣ ስጠኝ የለ። ባሌ ያሰመረውን አጥፍቶ ሌላ አሰመረና ሲጨርስ እርሳሱን የራሱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ባለማወቅ ነው፤ ቢሮው ውስጥ ያለው እርሳስ ሁሉ የእሱ ስለሆነ ነው። የባሌ ጆሮ ግን ሲቀላ አይቻለሁ።

በማግስቱ ወንድሜ ሲመለስ ንድፉ መሬት ላይ ተዘርግቶ ባሌና ግንበኞቹ ምሳቸውን በልተውበት ጨርሰዋል። የዘይቱ ጠብታ ሌላ ቦታ አጥቶ «የእህቴ ክፍል» የሚለው ላይ አርፏል። ባሌ ሆን ብዬ አይደለም፣ ንፋስ አምጥቶት ነው ይላል፤ ንፋሱ አራት ድንጋይም በአራቱ ማዕዘን አስቀምጦለት ነበር። ወንድሜም ወረቀቱን አራገፈ፣ ጠቀለለ፣ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ቢሰዳደቡ እንዴት በተሻለኝ። ሰው ተሰዳድቦ ይወጣለታል፣ ቢደባደብም ገላጋይ አያጣም። እነዚህ ግን የሚያውቁት ማኩረፍ ነው። ወንድሜ አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶ ከባሌ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ በዚህ በኩል መስኮት እንዳለ ንገሪልኝ ይለኛል። ባሌ ሰምቶታል። ግንበኞቹ ሰምተውታል። ጎረቤትም ሳይሰማ አይቀርም። እኔ ካልደገምኩት ግን እንዳልተባለ ነው። እደግመዋለሁ። ባሌ እንደ አዲስ ወሬ አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጠኝና፣ መስኮቱ ከየት እንደሚጀምር ጠይቂልኝ ይላል። እጠይቃለሁ። አንድ ግንበኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሲስቅ አይቼዋለሁ፤ አልፈረድኩበትም።

በኋላ ወንድሜ መምጣቱን ጭራሽ ተወው። መልእክቱም በእኔ እግር ሆነ፤ ከቢሮው ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ ቢሮው። ደንበኞቼ በሬን አንኳኩተው ይመለሳሉ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ ሳሩ ግን ቢያንስ ቆሞ ነው የሚረገጠው፣ እየተመላለሰ አይደለም።

ዋናው ጣጣ የመጣው ግድግዳው አልቆ፣ የቆጡ ወለል ተነጥፎ፣ የቅስቱ ፎርማ ሊሠራ ሲል ነው። ቅስቱ ከግድግዳው አናት ወደ ላይ ምን ያህል ይነሳ? ንድፉ ሁለት ሜትር ከሃያ ይላል። ባሌ አንድ ሜትር ከአርባ፣ ከዚያ በላይ አልሠራም አለ። ምክንያት አላጣም። ጣውላው እንደዚያ ከጎበጠ ይሰነጠቃል፤ ከፍ ያለ ጣራ ንፋስ ይመታዋል፤ ቆጡ ደግሞ የዕቃ ማስቀመጫ ነው፣ ዕቃ ቁመት አይፈልግም። የዕቃ ማስቀመጫ። ጽሑፉን ከወረቀቱ ላይ ያጠፋው ዘይት ነው፤ ከእሱ ጭንቅላት ላይ ማን እንዳጠፋው አላውቅም። የእኔ ክፍልስ ብለው፣ «አንቺማ አጭር ነሽ» ብሎ ሳቀና መላጊያውን አነሳ። ኮስተር ብዬ ብቆጣው ኖሮ ይሰማኝ ነበር ይሆናል። ግን የዚያን ቀን ሦስተኛ ምልልሴ ነበር፣ ለቁጣም ጉልበት ያስፈልጋል።

ወንድሜ ደግሞ ከሁለት ሜትር ከሃያው ላይ፣ አንድ ጣት እንኳ አልቀንስም፣ ካላማረው ጌታው ሄዶ ድንኳን ይትከል አለ። ይህን ለባሌ ሳደርስ ድንኳኑን ቆርጬ ጣልኩና፣ ትንሽ ያስብበት ይልሃል አልኩት። ባሌም ለሊቁ ንገሪው፣ ወረቀት አይሰነጠቅም፣ ጣውላ ግን ይሰነጠቃል አለ። ለወንድሜ፣ የጣውላው ነገር አሳስቦታል ብዬ አደረስኩ። እንዲህ እየተረተርኩና እየሰፋሁ ስንት ቀን እንደሄደ አልቆጠርኩትም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። ወለሉ ላይ ያለበስነው ላስቲክ በነፋስ ሲጮህ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ዝናብ ከገባ ወለሉ ያብጣል፣ ግድግዳው ውሃ ይጠጣል፣ እኔም ሌላ ክረምት መተላለፊያ ላይ ነኝ። ሁለቱም ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ልጇን ይዛ ለልብስ ልኬት መጣች። እናትየው ቀሚሱ ከጉልበት በታች ይውረድ ትላለች፣ ልጅቷ ከጉልበት በላይ ይውጣ ትላለች። ይሄ በእኔ ሙያ የየቀኑ ነገር ነው። መፍትሔውንም አውቀዋለሁ። ለእናትየው በጆሮዋ፣ ልጅሽ ረዘም ይሁን ብላለች እላለሁ፤ ለልጅቷ በጆሮዋ፣ እማማ አጠር ይሁን ብለውልሻል እላለሁ፤ ከዚያ ልክ ጉልበቱ ላይ እሰካዋለሁ። ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ተቃቅፈው ይወጣሉ። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስቆርጥ ኖሬ አንድም ቀሚስ አልተመለሰብኝም። የዚያን ቀን በሩን ዘግቼላቸው ስመለስ፣ ታዲያ ጣራውስ ምን ልዩ አደረገው አልኩ።

በሁለት ሜትር ከሃያና በአንድ ሜትር ከአርባ መካከል ያለው አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው። የእኔ ቁመት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከአናቴ በላይ አንድ ስንዝር ሊተርፍ ምንም አይቀረው። በቃ፣ ማንም ሳይከፋው፣ እኔም ቆሜ። ሂሳቡ ቀለለኝና በራሴ ተናደድኩ፣ ይህን ሳላስበው እስከዛሬ እግሬን መጨረሴ።

ለባሌ፣ ወንድሜ ዝቅ አድርጎልሃል፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ ይሁን፣ ስለ እንጨት እሱ ያውቃል ብሏል አልኩት። መላጊያው ጣውላው መሃል ላይ ቆመ።

«እሱ ያውቃል አለ?»

አዎ አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ማታ ራት ላይ ግን፣ ቅድም ወንድምሽ ምን ነበር ያለው አለኝ፤ ደግሜ ነገርኩት፤ እንዳልሰማ ሆኖ ውሃ ቀዳ። ለወንድሜም ቢሮው ሄጄ፣ ባሌ ከፍ አድርጎታል፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ ይሠራል፣ ስለ ቅርጽ እሱ ያውቃል ብሏል አልኩት። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ያ ጌታ እንዲህ አለ?» ብሎ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ክፍሌ ትዝ አለውና፣ ለአንቺ ግን እንዴት ነው አለኝ። እኔ አጭር ነኝ፣ ይበቃኛል አልኩት። የወለሉ ነገር እኮ ብሎ ሲጀምር፣ አልኩህ እኮ፣ ይበቃኛል ብዬ አቋረጥኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትመጣ ደንበኛ ነበረችኝ። እሱም እንግዲህ አንቺ ካልሽ አለና ንድፉን አስተካከለው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሥራ ማየት ያስደስት ነበር፤ ይህንንማ አልክድም። ባሌ ግቢው መሃል ጠርቦችን ቸንክሮ ፎርማውን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ሠራው። ጣውላዎቹን በሙጫ እየቀባ ይደራርባል፣ እኛ ከሁለቱ ጫፍ ይዘን ወደ ፎርማው እንጎትታለን፣ እሱ በሞርሳ ይጨብጠዋል። እንጨቱ ሲጎብጥ ያቃስታል። ከጎን የሚፈሰውን ሙጫ የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ጣቶቼ ተጣብቀው መርፌ መያዝ አቅቶኝ ያደርኩበት ጊዜ አለ። ሞርሳ ሲያንሰው ከሚያውቀው አናጺ ሁሉ ለመነ፣ እሱም ሲያልቅ በገመድ እየጠመዘዘ አሰረው። የመጀመሪያው ቅስት ሲፈታ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ይህን ገምቶ ፎርማውን ጠበብ አድርጎት ስለነበር ልክ የሚፈልገው ላይ ቆመ። በመዳፌ ዳበስኩት። ስፌቱ የማይታወቅ ኮት ይመስላል። ባሌም ሊቁ ቢያየው ምን ይል ይሆን አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቅስቱ።

ቅስቶቹ በሚሰቀሉበት ቀን ወንድሜ ራሱ መጣ። ሳልጠራው ነው የመጣው፤ ጓንት ሳይቀር ገዝቷል። ከባሌ ጋር በአንገት ሰላም ተባባሉ። ቃል አልወጣቸውም፤ ግን አንዱ ጫፍ ሲያነሳ ሌላው ሌላውን ጫፍ ያነሳል፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው ያቆማል። በዚህ ዓይነት ሁለት ቅስት ተተክሎ ተቸነከረ። ወንድሜ እስከ መንገዱ ወጥቶ ወደ ኋላ እየሄደ አየውና ተመለሰ። ፊቱ በላብና በደስታ ርሷል። ባሌ አጠገብ ቆሞ፣ ከስንት ወር በኋላ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ተናገረው።

«ከፍ ስላደረግህልኝ አመሰግናለሁ።»

ባሌ ዓይኑን አጠበበ። «እኔ? ዝቅ ያደረግከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የእኔ ያመለጠኝ ግን ሁለቱ የሚታረቁበት ቃል ነበር፣ አሁን መጥቶ አንገቴን ያዘኝ። ምን ልል እችላለሁ፣ እውነቱን ነገርኳቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ያን ዕለት ተፈጸመ፤ እነዚህ ግን አብረው ያሰሩት እኔን ነው። ባሌ ጣራ ቀሚስ ነው እንዴ አለ። ወንድሜ ተቀበለና፣ በአማካይ የተሠራ ቤት የት አይተሽ ታውቂያለሽ አለ። ባሌ ሙጫ እኮ አይተረተርም አለ፤ ወንድሜ ልክ ነው፣ አይተረተርም አለ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። ለወራት መስኮት አለ ለመባባል እንኳ እኔን ሲያመላልሱ የከረሙ ሰዎች፣ እኔን ለመውቀስ ሲሆን እንደ መንትያ በአንድ አፍ ተናገሩ። ደሜ ፈላ። ከሁለት ያጣ መሆን ይሄ ነው። እዚያው ብቆይ የማልመልሰው ነገር ከአፌ ሊወጣ ስለሆነ፣ መሰላሉን ይዤ ወደ ቆጡ ወጣሁ፣ ፊታቸውን ላለማየት።

ወለሉ ላይ ወጥቼ ቀና ስል ግንባሬን ቅስቱ መታኝ።

መጀመሪያ ጎኑ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ወደ መሃል ሄድኩ። መሃሉ ላይ፣ ከፍ ብሎ በሚያልቅበት ቦታ፣ ከቅስቱ ሥር ስቆም ሻሼ ተነካ፤ አንገቴን ሰበር ካላደረግሁ አልቆምም። በሁለቱ ቅስቶች መካከል መቆም እችላለሁ፤ ግን እዚያም ላይ ጣውላና ቆርቆሮ ገና ይለብሳል። ወደ ግራ አንድ እርምጃ ሄጄ ጎነበስኩ። ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ሄጄ ጎነበስኩ። ያኔ ገባኝ። አንድ ሜትር ከሰማንያው የተለካው ከግድግዳው አናት እስከ ቅስቱ ጀርባ ነው። ከታች አግዳሚውና የወለሉ ጣውላ በልተውታል፣ ከላይ የቅስቱ ውፍረት በልቶታል። ወንድሜ የወለሉ ነገር እኮ ያለኝ ይሄን ሊነግረኝ ነበር።

የስፌት ትርፍ ረሳሁ ማለት ነው። ስፌት ያስተማርኳትን ሁሉ መጀመሪያ የምነግራት ይሄንኑ ነው፤ በልኩ የተቆረጠ ልብስ ሲሰፋ ይጠባል፣ ትርፍ ተዪለት። ለሰው ስቆርጥ አንድ ቀን ረስቼው የማላውቀውን ለራሴ ስቆርጥ ረሳሁት። ረሳሁት ማለትም ይከብደኛል። ራሴን አልለካሁም። ሁለቱን አስታረቅሁና የተረፈኝ ውስጥ ልገባ አሰብኩ። እንባዬ መጣ፤ ከግንባሬ ሕመም ነው እንዳልል ግንባሬ ያን ያህል አላመመኝም።

ከታች አሁንም ስለ እኔ እያወሩ ነው። ወደዚህ ኑ አልኳቸው። ድምፄ ውስጥ አንድ ነገር ሰምተው መሰለኝ፣ ሳይከራከሩ ተከታትለው ወጡ። ሁለቱም ከእኔ ይረዝማሉ፤ ከቅስቱ ሥር ሲገቡ ወገባቸውን አጥፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ደግፈው ቆሙ። እኔም አንገቴን ሰብሬ ከፊታቸው ቆምኩ።

«ይሄ የማን ክፍል ነው?» አልኩ።

ባሌ የዕቃ ብሎ ጀመረና አቆመ።

«ዕቃው እኔ ነኝ?»

ወንድሜ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አሸሸ፤ ባሌ ግንባሬን አየ፣ ቀልቷል መሰለኝ፣ እጁን ሰደድ አድርጎ መለሰው።

«አውርዱት» አልኳቸው። «እንዴት እንደሚሆን እኔ አላውቅም፤ አናጺም አይደለሁ ንድፍ አውጪም አይደለሁ። ዝናቡ ቢመጣም ይምጣ። እኔ ቀጥ ብዬ የማልቆምበት ጣራ አልፈልግም። ከእንግዲህ ደግሞ ከአንዳችሁ ወደ አንዳችሁ አንድ ቃል አላደርስም።»

ከዚያ ባሌ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ ቅስቱ ሳይነካ ግድግዳው ላይ ብሎኬት ቢጨመርበት ይነሳል ብለሽ ንገ... ብሎ ጀመረ። ከእጄ አንጓ ከማይለየው የስፒል ትራስ ላይ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩና በከንፈሬ መሃል ደረደርኳቸው። ባሌ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ወንድሜን አየው። ሌላ የሚያየው ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ብሎኬቱ ብቻውን ከሆነ ቅስቱ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል አለ። ባሌ እሱንማ አውቃለሁ፣ አናቱን ዙሪያውን በብረት አስረን ኮንክሪት ካለበስነውስ አለ። ወንድሜ ይሆናል፣ ግን ስንጥቅ እንዳይመጣ ማዕዘኑ ላይ ብረቱ መታጠፍ አለበት አለ፤ እንዲህ ብሎም እጁን ወደ ባሌ ጆሮ ሰደደ። እጁ አየር ላይ ሳለ ትዝ አለውና ቆመ። ሦስታችንም ያንን እጅ አየነው። ባሌ እርሳሱን ራሱ ከጆሮው ላይ አወጣና ዘረጋለት። ወንድሜ ተቀብሎ በወለሉ ጣውላ ላይ ማዕዘኑን ሳለ፤ ባሌ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል አለው። ወንድሜ የት ጋ ብሎ ጠየቀው።

ስንት ረድፍ ብሎኬት እንደሚበቃ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ያ በእሷ ቁመት ነው አለ ወንድሜ።

«ስንት ነው ቁመቷ?» አለ ባሌ።

«አንተ አይደለህ ባሏ?»

«አንተስ ወንድሟ አይደለህ?»

ወደ እኔ ቀና አሉ። ስፒሎቹን ከአፌ አላወጣሁም። ደንበኞቼን ሁሉ የምለካበትን ሜትር ከአንገቴ ላይ አወረድኩና ዘረጋሁላቸው። ከዚያ ከቅስቶቹ ሥር ወጥቼ ገና ጣራ ወዳልደረሰበት የወለሉ ጫፍ ሄድኩና ጫማዬን አውልቄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከላዬ የጠቆረው ሰማይ ብቻ ነበር። ባሌ ተንበርክኮ የሜትሩን ጫፍ ተረከዜ ላይ ያዘ። ወንድሜ እርሳሱን በአናቴ ላይ አጋድሞ ሜትሩን ወደ ላይ ሳበ።

«ስንት አለ?» አለ ባሌ ከእግሬ ሥር።

ወንድሜ ነገረው። ባሌ ደገመው፣ እንዳይረሳው መሰለኝ። ከዚያ ሜትሩን ሳይለቅ ትንሽ አሰበ።

«ልብስ ስትሰቅልስ?» አለ። «እጇን ስታነሳ?»

ወንድሜ ሜትሩን ለቀቅ አደረገልኝ። እጄን አነሳሁ።